ከጦር ሜዳ እስከ ጃንሜዳ፦ የጉግስ አመጣጥና እድገት

የሰው ልጅ ለጦርነት ብሎ ያወጣው ጥበብ ሁሉ ከሁለት ዕድሎች አንዱ ይጠብቀዋል። አንዱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ዝጎ መጥፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ግዳይ መጣሉን ትቶ፣ ሥልጠናውንና ድፍረቱን፣ ሥርዓቱንም ይዞ በሰላም ዘመን የሚያድርበት አዲስ ቤት ማግኘት ነው። ጃፓኖች ከጥንት ተዋጊዎቻቸው የወረሱትን የትግል፣ የቀስትና የሰይፍ ጥበብ በሁለተኛው መንገድ አሻግረውታል። ዛሬ ጁዶ የማይታወቅበት ሀገር የለም ለማለት ይቻላል። በሀገራችንም ከጦር ሜዳ የተወለደ፣ ፈረስንና ፈረሰኛን፣ ዘንግንና ጋሻን አንድ ላይ ያስተባበረ ጥበብ አለ፤ ስሙም ጉግስ ይባላል። የጉግስ ዕድል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ገና አልተቆረጠም። ጉዳዩን ለባለሙያዎች ማኅበር አባላት የሚያቀርበውም ይኸው ነው፤ ቁርጡን ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ የእጅ ሥራና የልክ ጉዳይ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የተባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፈረሰኛው ዘመን

ፈረስ በኢትዮጵያ ነገሥታት ሠራዊት ውስጥ የነበረው ስፍራ ከጥንት ዜና መዋዕሎች ይታያል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1332 ወደ ምሥራቅ ስላደረጉት ዘመቻ ሲተርክ፣ የፈረሰኛ ጭፍሮች ከእግረኛው ተለይተው ይላኩ እንደነበር ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ዐፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ በተጋጠሙ ጊዜ፣ የኢማሙ ዜና ጸሐፊ የሁለቱን ወገን ኃይል የሚቆጥረው ፈረሰኛውን ከእግረኛው ለይቶ ነው። እንደ እርሱ አቆጣጠር በኢማሙ በኩል 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ፣ በንጉሡ በኩል ደግሞ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ተሰልፎ ነበር። ቁጥሩ የአሸናፊ ወገን ቁጥር እንደ መሆኑ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የአንድ ሠራዊት ኃይል በመጀመሪያ የሚመዘነው በፈረሰኛው ብዛት እንደነበር ከአጻጻፉ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የፈረሰኛውን ታሪክ ይበልጥ ያሰፋው የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ደጋው መስፋፋት ነው። ለዚህ ዋናው ምስክር በጋሞ ምድር ይኖር የነበረው መነኩሴ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 የጻፈው ታሪክ ነው። ባሕርይ በእያንዳንዱ የገዳ ዘመን የተደረገውን በተራ ሲዘረዝር፣ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የተጀመረው መስሌ በተባለው ሉባ ዘመን መሆኑንና ከዚያ በፊት ግን ልማዱ እንዳልነበረ ይናገራል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1554 እስከ 1562 ድረስ ያለው ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በአንድ የገዳ ዘመን ፈረስ መቀመጥ የጀመረ ሕዝብ ጥቂት ትውልድ ሳይቈይ በሀገሪቱ ከሁሉ የላቀውን ፈረሰኛ አወጣ። በኋላ ዘመን የወሎ፣ የሸዋና የየጁ ፈረሰኞች ያገኙት ዝና የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ ጉግስ የአንድ ብሔረሰብ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። በደጋው የኖረ ሕዝብ ሁሉ አንዱ ከሌላው እየተማረ፣ ብዙ ጊዜም እርስ በርሱ እየተዋጋ ያዳበረው ጥበብ ነው።

በጎንደር ዘመን የነበረውን የፈረሰኛ ጦር ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዓይኑ አይቶታል። ብሩስ ራሱ በፈረስ ግልቢያው በቤተ መንግሥት ከበሬታን ያገኘ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1771 በሰርባኩሳ በተደረገው ጦርነት ከንጉሡ ፈረሰኞች ከፊሎቹ የብረት ጥሩር ለብሰው እንደተሰለፉ ጽፏል። አብዛኛው ፈረሰኛ ግን ጥሩር አልነበረውም። መከላከያው ጋሻው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈረሱ ፍጥነትና የራሱ ቅልጥፍና ነበር። የጉግስ ጥበብም የተገነባው በዚህ ቀላል ፈረሰኛ ላይ ነው።

የጨዋታው አሠራር

ጉግስ የሰላም ጊዜ የጦር ልምምድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ከደረቀ በኋላ፣ በተለይም ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ወቅት፣ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው በሰፊ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን የወጣው ፈረሰኛ እየጋለበ ሲሸሽ የሌላው ወገን ፈረሰኛ ይከተለዋል። አሳዳጁ በጦር ፋንታ ብረት የሌለው ዘንግ ይወረውራል። ሸሺው ደግሞ ፈረሱን ሳያቆም በኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ዘንጉን በጋሻው ይመልሳል፤ ወይም ከፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል። ሸሺው ወደ ወገኖቹ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በሌላም ሀገር የታወቀ ነው። የቱርክ ፈረሰኞች ጂሪት የሚሉት ጨዋታ የጉግስ የቅርብ ዘመድ ይመስላል።

ጉግስን ላላየ ሰው ይህ ሁሉ የበዓል ፈንጠዝያ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አሠራሩን በጥሞና ለተመለከተው በውስጡ የተደበቀ ብርቱ ስሌት አለ። ለምሳሌ ያህል የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 11 ሜትር ይሮጣል፣ የፈረሰኛውም ክንድ ዘንጉን በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ይወረውራል ቢባል፣ በፊት ለፊት ግጥሚያ የሁለቱም ፈረሶች ፍጥነት በውርወራው ላይ ይደመራል። ዘንጉ ከተቃራኒው ጋር የሚገናኘውም በሰከንድ 42 ሜትር ፍጥነት ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ የምቱ ኃይል ቆሞ ከተወረወረው ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ምት ብረት የሌለውን ዘንግ እንኳ ገዳይ ያደርገዋል። በማሳደድ ጊዜ ግን ሁለቱም ፈረሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሮጡ ፍጥነታቸው ይጣፋል። በሸሺው ላይ የሚደርሰው የአሳዳጁ የክንድ ኃይል ብቻ ነው። እንግዲህ የጉግስ አባቶች ጨዋታውን በማሳደድ ላይ ሲመሠርቱ፣ የጦርነቱን ግልቢያ፣ ድንጋጤና ቅልጥፍና እንዳለ ጠብቀው የሞቱን አደጋ ቀነሱት ማለት ነው። ይህን ያገኙት በቀመር ሳይሆን በብዙ ትውልድ ልምድ ነው። ውጤቱ ግን ከቀመሩ ጋር ይስማማል።

የፈረሰኛው ዕቃም እንዲሁ ትኩረት ይገባዋል። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፣ ክብና መሐሉ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ጉብታው ለጌጥ የተደረገ አይደለም። የመጣውን ጦር ፊት ለፊት ከመቀበል ይልቅ ወደ ጎን አንሸራትቶ እንዲጥል ነው። የኮርቻው አካል ከእንጨት ይቀረጽና በጠፍር ይታሰራል። እርጥቡ ጠፍር ሲደርቅ እየተኰማተረ መጋጠሚያውን ስለሚያጠብቀው ሚስማር አያስፈልገውም፤ ሚስማር የሚያላላው የግልቢያ ንቅናቄም አይፈታውም። ባዶ እግሩን የሚጋልበው የጥንቱ ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ብቻ ነበር። እርካቡም ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ቀለበት ነው። ፈረሰኛው ቢወድቅ እግሩ ተይዞ በፈረሱ እንዳይጎተት የሚያደርግ በመሆኑ፣ ይህ ትንሽ ቀለበት የብዙ ሰው ሕይወት ሳያተርፍ አልቀረም።

ሰውና ፈረስ በአንድ ስም

ፈረስ በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ የነበረውን ክብር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የፈረስ ስም ነው። ታላላቅ ሰዎች ከክርስትና ስማቸውና ከማዕረጋቸው ሌላ በጦር ፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ከጦር አበጋዞችም ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ፈረሱ የሰውየውን ምኞት በስሙ ይሸከማል፤ ሰውየውም በፎከረ ጊዜ ራሱን በፈረሱ ይጠራል። ጃፓናዊው ሳሙራይ ክብሩን በሰይፉ ላይ እንዳኖረ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊው ጦረኛ ክብሩን በፈረሱ ላይ አኑሮ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በደቡብ በኩል

የፈረሰኛው ኃይል ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር የሚያስረዳው የፈረሰኞቹ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እነርሱን ለመከላከል የተሠራውም ሥራ ነው። በኦሞ ተፋሰስ ዙሪያ የነበሩት ነገሥታት ወሰናቸውን በድንጋይ ካብና በጥልቅ ጉድጓድ አጥረው በየበሩ ኬላ ያቆሙ ነበር። በዳውሮ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራው የድንጋይ ኬላ ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። በደረቅ ድንጋይ የተካበ ግንብ እግረኛን ለጊዜው ያዘገይ እንደሆነ እንጂ ፈጽሞ አያግደውም። የሚጋልብን ፈረስ ግን በእርግጥ ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ለፈረሰኛው ጥበብ የተሰጠ የግንበኛ መልስ ሆኖ ሊታይ ይገባል።

የወላይታ መንግሥትም ጦር፣ ጋሻና ፈረስ ያለው፣ ራሱን አክብሮ የኖረ መንግሥት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ ሲመጡበት የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ብርቱ መከላከል አደረጉ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም ያየውን በመጽሐፍ አውጥቶታል፤ የፈሰሰው ደምና የተነዳው ከብት ብዛት ከጽሑፉ ይታያል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። በዚህ ጦርነት ወሳኝ የነበረው የፈረሰኛ ብልጫ አልነበረም፤ አዲሱ ጠመንጃ ነበር። በጦርና በጋሻ የተካነ ሕዝብ ድፍረቱ ሳይጎድል በመሣሪያ ብቻ ሲሸነፍ፣ የፈረሰኛው ዘመን ማለቁን ያዩት ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ወላይታ ያሉት ናቸው ማለት ይቻላል።

የመሬቱም ጠባይ በፈረሰኛ ጥበብ ላይ ወሰን ያበጃል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው ከሶዶ ተነሥቶ ወደ ዲምቱና ወደ ብላቴ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ፣ አየሩ እየሞቀ በሄደ መጠን የፈረሱ ቦታ ለአህያው እየተለቀቀ መሄዱን ያስተውላል። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው ብርቱ የፈረስ በሽታ በቆላ የሚጠናና ፈረስን በጥቂት ቀን የሚገድል ሲሆን፣ አህያን ግን እንዲህ አያጠቃውም። ጉግስ የደጋ ጥበብ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። እንደ ብላቴ ያሉ ቆላማ ሸለቆዎችም ለብዙ ዘመን ፈረሰኛ ሠራዊት ፈጥኖ የሚያልፋቸው እንጂ የሚከርምባቸው ስፍራዎች አልነበሩም።

የጥበቡ መደብዘዝ

በኢትዮጵያ ታሪክ የፈረሰኛው ኃይልና የጠመንጃው ኃይል ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖረዋል። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በአይሻል የራስ ዓሊን ሠራዊት ድል ሲያደርጉ በፈረሰኛው የታወቀው የየጁ ሥልጣን አከተመ። ቢሆንም ፈረሰኛው ገና ሥራ ነበረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ከማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሲያፈገፍግ የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ደርሰው ሠራዊቱን በተኑት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዓድዋ የፈረሰኛው ዋና ሥራ የሸሸውን ጠላት ማሳደድ ነበር፤ ማሳደድ ደግሞ በጉግስ ሜዳ ከልጅነት ጀምሮ የተለመደው ሥራ ነው። ጨዋታው የጦርነት ትምህርት ቤት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

ከዓድዋ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ያህል ሲቆጠር ነገሩ ተለወጠ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ዝነኛ የወሎ ሠራዊት መትረየስ ከያዘው የሸዋ ሠራዊት ጋር ተጋጥሞ ድል ሆነ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ደግሞ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚጥል ጠላት መጣ። ከአየር የሚወርድን መርዝ በጉማሬ ቆዳ ጋሻ ማንሸራተት አይቻልም። ፈረሰኛው በጦር ሜዳ የነበረው ቦታ ያን ጊዜ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ጥያቄ ጨዋታው ያለ ጦርነቱ ብቻውን ይኖራልን? የሚለው ነው።

የጃፓን መንገድ

ይህ ጥያቄ በጃፓን ቀደም ብሎ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የኢትዮጵያ ምሁራን በጃፓን ላይ የነበራቸው ትኩረት አዲስ ነገር አይደለም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደዚያው ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ምሁራኑ የፈለጉት የጃፓንን ፋብሪካና ትምህርት ቤት ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ጃፓን አሮጌውን ጥበቧን ምን እንዳደረገችው ነው።

ከጉግስ ጋር በቀጥታ የሚነጻጸረው ያቡሳሜ የተባለው ጥበብ ነው። በያቡሳሜ ፈረሰኛው በሙሉ ግልቢያ እያለፈ በመንገዱ ዳር የተተከሉትን ሦስት ዒላማዎች በተራ በቀስት ይመታል። ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ የተባለው የጦር ገዥ እ.ኤ.አ. በ1187 በካማኩራ በሚገኘው የሐቺማን ቤተ አምልኮ ፊት ይህን ሥርዓት አስደርጓል። የኦጋሳዋራ ቤተሰብም የትምህርቱ ጠባቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1543 ጠመንጃ ወደ ጃፓን ከገባ በኋላ ቀስተኛ ፈረሰኛ ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ፤ ጥበቡም ደበዘዘ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1724 ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ለኦጋሳዋራ ቤተሰብ ትእዛዝ ሰጥቶ የጥንቱን መዛግብት መሠረት በማድረግ ጥበቡን እንደገና እንዲያቋቁሙት አደረገ። ዛሬም ይሠራበታል። ጥበቡ ሊነሣ የቻለው የተጻፈ መዝገብና ኃላፊነቱን የተቀበለ ቤት ስለነበረው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጁዶ ነው። የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1873 የግዴታ ውትድርናን ሲያቆም፣ በ1876 ደግሞ ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል፣ ጁጁትሱ የተባለው የጥንት ባዶ እጅ ትግል ንቀት ላይ ወደቀ። የጥበቡ መምህራንም ተማሪ አጡ። በዚህ ጊዜ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ካኖ ጂጎሮ ተንጂን ሺንዮ እና ኪቶ ከተባሉት ሁለት የትግል ትምህርት ቤቶች የተማረውን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ በ12 የሣር ምንጣፍ ስፋት ላይ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ካኖ ያደረገው ነገር በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። በመጀመሪያ፣ አደገኛውን ስልት ከነጻ ግጥሚያው አውጥቶ በተወሰነ ቅንብር ብቻ እንዲጠበቅ አደረገ፤ በዚህም ተማሪው ሳይጎዳ በሙሉ ኃይሉ መለማመድ ቻለ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ስልት በስምና በምድብ ለየ። ሦስተኛ፣ ተማሪው የደረሰበትን የሚያሳይ የማዕረግ ደረጃ አቆመ።

ከእነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያውን የጉግስ አባቶች ከካኖ እጅግ ቀድመው አድርገውታል። ብረቱን ከዘንጉ ላይ አንሥተዋል፤ ግጥሚያውንም በማሳደድ ላይ መሥርተዋል። የጎደለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። የጉግስ ስልቶች ተለይተው አልተጻፉም። መምህሩና ተማሪውም በታወቀ ደረጃ አልተያያዙም። ትምህርቱ ከአባት ወደ ልጅ በማየት ብቻ ይተላለፍ ነበር። ልጁ ፈረሱን ትቶ ወደ ከተማ የገባ ዕለት ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ጽሕፈትና ሥርዓት ዋጋ እንደሚያስከፍሉም መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1964 ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ገባ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ አውራ ጎዳና ሁለተኛውን የማራቶን ድሉን ባገኘ በሁለተኛው ቀን፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋን በገዛ ሀገሩ፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት ጥሎ በክብደት ያልተወሰነውን የጁዶ ውድድር አሸነፈ። ለጃፓኖች ሐዘን ነበር። ሆኖም ደንቡ የተጻፈለት ጥበብ የዓለም ሁሉ ይሆናል፤ የዓለም ሁሉ የሆነ ጥበብም በአንድ ትውልድ ድካም ወይም በአንድ ሀገር መከራ አይጠፋም።

የተረፈውና የሚቀረው

ጉግስም ፈጽሞ ቤት አላጣም። በአዲስ አበባ ጃንሜዳ ለረጅም ዘመን የበዓል ጉግስና የፈረስ ግልቢያ ሲታይበት የኖረ ስፍራ ነው። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ባቋቋመው ውድድርም ጉግስና የፈረስ ሸርጥ ከገናና ከትግል ጋር ተመድበዋል፤ ይህም ደንብ ወደ መጻፍ የተወሰደ እርምጃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በአዊ የሚገኘው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ምሥረታውን ከ1932 ዓ.ም. ይቆጥራል። ይህም ሀገሪቱ በጠላት እጅ በነበረችበት ዘመን መሆኑ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ አባላቱ ፈረሳቸውን አሸልመው ይወጣሉ፤ በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውንም ያስባሉ። ጉግሱ፣ ግልቢያውና ስግሪያው በአንድነት ይታያሉ። ማኅበሩ ለፈረሰኛው ዕድርም ዳኛም ነው፤ በሐዘኑ ይደርስለታል፣ በጠቡም ያስታርቀዋል። ጥበቡ ከአባላቱ ዕለታዊ ኑሮ ጋር ስለተሳሰረ ከበዓል እስከ በዓል ተረስቶ አይቀመጥም። በጃፓን የኦጋሳዋራ ቤት የሠራውን ሥራ በአዊ ገበሬዎች በራሳቸው መዋጮና በራሳቸው ሽማግሌዎች ሠርተውታል።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። ጥበቡ የፈረሰኛው ብቻ አልነበረም። ልጓሙንና እርካቡን የቀጠቀጠው ባለእጅ፣ ጋሻውን የዳመጠው ቆዳ ሠሪ፣ ኮርቻውን የጠረበው አናጢ የጥበቡ እኩል ባለቤቶች ነበሩ። በጃፓን ሰይፍ ሠሪው ስሙን በሰይፉ እጀታ ውስጥ በሚገባው ብረት ላይ ይቀርጻል። የታላላቆቹ ቀጥቃጮች ስምም ከታላላቆቹ ተዋጊዎች ስም እኩል ይታወቃል። በእኛ ሀገር ግን የፈረሱ ስም ሲወሳ ኮርቻ የሠራለት ሰው ስም አልተጻፈም። ቀጥቃጭና ፋቂ የሚሉት ቃላት የስድብ ቃላት ሆነው ኖሩ። በደጋው ብቻ ሳይሆን በወላይታና በአካባቢዋም ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋውና ሸክላ የሚሠራው ሰው ከሌላው ጋር እንዳይጋባ፣ ከገበታም እንዳይቀርብ ተደርጎ ተለይቶ ይኖር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

የናቁት ሰው ሙያውን ለልጁ አያወርስም። ዛሬ በብዙ ቦታ ሜዳ ላይ የሚወጣው ኮርቻ ከፊሉ አሮጌ፣ ከፊሉም ለበዓል ተብሎ ባልጸና ነገር የተሠራ ነው። የጉማሬና የጎሽ ቆዳም በዱር እንስሳት ጥበቃ ምክንያት እንደ ቀድሞው አይገኝም። ይህ ተገቢ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ የጥንቱ ጋሻ ጉብታውና ውፍረቱ ተለክቶ ካልተመዘገበ ከሌላ ቆዳ ተመሳሳዩን ለመሥራት መነሻ አይገኝም። በጠፍር የሚታሰረው የኮርቻ መጋጠሚያ፣ የአውራ ጣት እርካብ፣ የልጓሙ ቀለበት፣ የዘንጉ ርዝመት፣ ክብደትና የእንጨቱ ዓይነት ሁሉ በመስመርና በቁጥር ሊሰፍሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሜትርና ሚዛን፣ የንድፍ ወረቀትና አንድ ቀን ከሽማግሌው ባለእጅ አጠገብ ለመቀመጥ የሚያበቃ ትሕትና ነው።

ይህን ሥራ ታሪክ ጸሐፊው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ ንድፍ ማንሣት የእርሱ ሙያ አይደለምና። ፈረሰኛውም አይሠራውም፤ ለእርሱ ኮርቻው ከሥሩ ያለ ዕቃ እንጂ የሚመረመር ነገር አይደለም። ሥራው ልክና ቁጥር የዕለት እንጀራቸው የሆነው መሐንዲሶች ነው። በየአውራጃው በመንገድ፣ በውኃና በሕንፃ ሥራ ላይ የተሰማሩት ባለሙያዎች ከሽማግሌ ባለእጆች ጋር በየጊዜው ይገናኛሉ። በእንጅባራ፣ በወሎ፣ በሸዋ ደጋዎችና በሶዶ ዙሪያ ያሉት አባላት እያንዳንዳቸው አንድ ኮርቻ፣ አንድ ጋሻ፣ አንድ እርካብ ለክተው ከሠሪው ስም ጋር ቢመዘግቡ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ኦጋሳዋራዎች የነበራቸውን ያህል መዝገብ ሊገኝ ይችላል። የማኅበሩ አባላት በሙያ የዚያ ስሙ ያልተጻፈ ቀጥቃጭ ወራሾች ናቸው። የፈረሱ ስም ተጽፎ ቆይቷል፤ አሁን መጻፍ ያለበት የኮርቻ ሠሪው ስምና ልኩ ነው።